ዕቃ ፈትተው የሚያዩት ንጉሥ

ትንሽ አፍሬያለሁ። ያፈርኩበትን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት ልንገራችሁ።

ባለፈው ወር ጠዋት ሰልፍ ላይ በሚኒ ሚዲያችን ‹‹ይህን ያውቃሉ?›› የሚለውን ዝግጅት ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ። አፄ ምኒልክ በአሜሪካ ወንጀለኛ በኤሌክትሪክ የሚገደልበት ወንበር መሠራቱን ሰምተው ሦስት ወንበር አዘዙ፣ ወንበሮቹ ሲመጡ ግን በአገሩ ኤሌክትሪክ አልነበረም፣ ስለዚህ አንዱን ዙፋን አድርገው ተቀመጡበት ብዬ አነበብኩ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሰልፍ በኋላ የኅብረተሰብ ትምህርት መምህራችን ጠሩኝና ወሬውን ከየት እንዳመጣሁት ጠየቁኝ። ከወንድሜ ስልክ ላይ እንዳነበብኩት ነገርኳቸው። ስልኩስ ከየት አገኘው ሲሉኝ መልስ አጣሁ። ሄጄ እንድፈልግ አዘዙኝ። ፈለግሁ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የአፄ ምኒልክ የሕይወት ታሪክም ነው፣ የእኔ እርማትም ነው።

መጀመሪያ እርማቱን ልጨርስ። የኤሌክትሪክ ወንበር እውነተኛ ነገር ነው፤ በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የተገደለበት በ1882 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ አዘዙት፣ ዙፋንም አደረጉት ለሚለው ግን ማስረጃ የለም። አንዱ ከሌላው እየቀዳ የሚያወራው ተረት ነው። እኔም ቀድቼ ለእናንተ አወራሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።

አሁን ወደ ታሪኩ።

ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ አንጎለላ በምትባል ቦታ ነው። አባታቸው ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው እጅጋየሁ ይባላሉ። ልጅ ሳሉ ስማቸው ሣህለ ማርያም ነበር። በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ ምኒልክ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። አባታቸው ሞቱ፣ እርሳቸውም ተማርከው መቅደላ ተወሰዱ። አስቡት፣ የእኛን የ5ኛ ክፍል ተማሪ ያክላሉ። አሥር ዓመት ያህል እዚያ ኖረው በ1857 ዓ.ም. አመለጡና ወደ ሸዋ ተመልሰው ነገሡ። በ1882 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። የዓድዋን ድል፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.ን፣ በየዓመቱ ስለምናከብረው እሱን አልደግምም። እኔ መጻፍ የፈለግሁት በዓል ስለማይከበርለት ነገር ነው፤ ስለ ዕቃ ፍቅራቸው።

እኔን የሚያውቅ ለምን እንደመረጥኩት ይገባዋል። በሰፈር የወጣልኝ ስም ‹‹አፍራሹ›› ነው። የአባቴን ሬዲዮ በካቻቢቴ ፈትቼ ስገጥመው አራት ብሎን ተረፈኝ። ሬዲዮው እስከ ዛሬ አልተናገረም። አባቴ ግን ተናግሯል፣ ብዙ ተናግሯል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ቤተ መንግሥታቸውን የጎበኙ የውጭ አገር ሰዎች ምኒልክ ሰዓት፣ ጠመንጃና መኪና መፈታታት፣ እንዴት እንደሚሠራም መጠየቅ ይወዱ እንደነበር መጻፋቸውን ሳነብ ደስ ነው ያለኝ። በቃ፣ እንደ እኔ ዓይነት ሰው ነበሩ! ልዩነቱ የሚቆጣቸው አልነበረም።

በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ወጣት የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ወደ ሸዋ መጣ። ምኒልክ ሊፈትኑት ጫማ እንዲሠራ አዘዙት ይባላል። ሠራ። ቀጥሎ ጠመንጃ እንዲሠራ አዘዙት። ከውጭ መግዛቱ እንደሚረክስ ቢነግራቸውም አልተቀበሉም፣ ሠራው ይባላል። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የተሠራ ዕቃ መግዛት ማንም ይችላል። እርሳቸው ማየት የፈለጉት ዕቃው ሲሠራ ነው።

አሁን በዘመናቸው ከመጡት ዕቃዎች የእኔን ምርጥ ልደርድር። የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ።

አራተኛ ያልኩት መኪናን ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን መኪና አዲስ አበባ አደረሰ። መንገድ ስላልነበረ መኪናው ሰው ጭኖ ከመምጣቱ ይልቅ ሰው ሲጎትተው መምጣቱ ይበልጣል። ምኒልክ በዚያን ጊዜ ከ60 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር፤ ግን ወጥተው ተሳፈሩ። የእኔ አያት ዲላ ከተማ ውስጥ ባጃጅ ላይ ለመሳፈር እንኳን ሦስት ጊዜ ያማትባሉ። ታዲያ ለምን አራተኛ አደረግኸው ትሉኝ ይሆናል። መንገድ ከሌለ መኪና ጌጥ ነው። በክረምት ከገጠር ቀበሌ ቡና ጭኖ ጭቃ የያዘው መኪና ያየ ይመስክር።

ሦስተኛው ስልክ ነው። ራስ መኮንን በ1882 ዓ.ም. አካባቢ ከኢጣሊያ ይዘውት መጡ። ሰው የሌለበት ድምፅ ሲሰማ አንዳንድ ካህናት የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ተቃወሙ ይባላል። ምኒልክ ግን አልተዉትም። በኋላ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር መስመር ተዘረጋ። ይህ ማለት ከዲላ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ከዚያ እንደገና ወደ እኛ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ እንደ መመለስ ነው። ያ ሁሉ እንጨት ተተክሎ፣ ሽቦው በሰውና በእንስሳ ጀርባ ተጭኖ። እኛ ኔትወርክ ለአምስት ደቂቃ ሲጠፋ እናማርራለን።

ሁለተኛው የቧንቧ ውኃ ነው። ስቃችሁ እንደሆነ አያችሁ፣ ቧንቧ ቴክኖሎጂ አይመስላችሁም። በ1886 ዓ.ም. ገደማ ኢልግ ከእንጦጦ ተራራ እስከ ቤተ መንግሥቱ ቧንቧ ዘረጋ። ቤተ መንግሥቱ ያለው ኮረብታ ላይ ነው። ውኃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ እንደማይሄድ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው አላመነም። ግን ውኃው ወጣ። ምክንያቱም ምንጩ ከቤተ መንግሥቱ ይበልጥ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ወደ ሸለቆ የወረደ ውኃ፣ ከጀመረበት ከፍታ እስካላለፈ ድረስ መልሶ ሽቅብ ይወጣል። እኔና ጓደኛዬ በጀሪካንና በላስቲክ ቱቦ ሞክረነዋል። ጀሪካኑን ግንብ ላይ አስቀምጡ፣ ቱቦውን ወደ መሬት አውርዱና ጫፉን መልሳችሁ ወደ ላይ አንሡት። ይፈስሳል። ጫፉ ጀሪካኑ ውስጥ ካለው ውኃ ከፍ ሲል ያኔ ቀጥ ይላል። እንደ ዲላ ዳገትና ቁልቁለት ለበዛበት አገር ከዚህ የሚበልጥ ዕቃ የለም።

አንደኛው ለእኔ ፎኖግራፍ ነው። ይህ ድምፅ የሚቀዳ መኪና ነው፤ ባትሪም ኤሌክትሪክም አይፈልግም። ሰው ሲናገር ድምፁ ስስ ነገርን ያንቀጠቅጣል፣ እሱ ደግሞ መርፌን ያንቀሳቅሳል፣ መርፌው በሚዞር ሰም ላይ መስመር ይጭራል። ሌላ መርፌ በዚያው መስመር ላይ ሲሄድ ድምፁ ተመልሶ ይወጣል። በ1891 ዓ.ም. የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፅ እንዲህ ተቀድቶ አዲስ አበባ መጣ። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ሰሙት። እነርሱም በተራቸው ተናግረው ድምፃቸውን ቀድተው ላኩ። የሁለቱ ድምፅ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። ልብ በሉ፣ እኛ በቴሌግራም የምንላላከውን የድምፅ መልእክት እነርሱ ከመቶ ዓመት በፊት ተላልከዋል! ኤሌክትሪክ ስለሌለ የማይሠራ ወንበር ላይ ተቀመጡ ብዬ ያሳቅሁባችሁ ንጉሥ እኚህ ናቸው።

እዚህ ላይ ስደርስ ጽሑፉን ለአያቴ በጌዴኦኛ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። አያቴ ዝም ብለው ሰሙኝና አንድ ዕቃ መርሳቴን ነገሩኝ፤ ጠመንጃን። እውነታቸውን ነው። ምኒልክ ከሁሉም አብልጠው የሰበሰቡት መሣሪያ እሱ ነው። ያ ጠመንጃ በዓድዋ አገር አድኗል። ያው ጠመንጃ ግን ወደ ደቡብም መጥቷል። ወደ እኛ ከመጣ በኋላ እንሰትና ቡና ያለማው የጌዴኦ ገበሬ በገዛ መሬቱ ገባር ሆነ። አያቴ በ1952 ዓ.ም. በሚችሌ ገበሬዎች ባለመሬቶችን ተቃውመው ሲነሡ ልጅ ነበሩ፤ ጦር የያዘ ሰው ጠመንጃ ከያዘ ጋር ሲጋጠም ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። ይህን ልተወው ወይስ ልጻፈው ብዬ ሁለት ቀን አሰብኩ። ግማሹን ብቻ ብጽፍ እንደ ወንበሩ ወሬ ይሆንብኛል ብዬ ጻፍኩት። ዕቃ በራሱ ጥሩ ወይም መጥፎ አይደለም። ጥያቄው ማን ያዘው፣ ማን ላይ አዞረው ነው።

ወደ ምኒልክ ልመለስና ልጨርስ። በዘመናቸው ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ በሥራቸው ይሰደቡ ነበር። ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። በ1901 ዓ.ም. ደግሞ በስማቸው የሚጠራውን የመጀመሪያውን ዘመናዊ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ከፈቱ። መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ነበሩ። እኔ እንደሚመስለኝ መኪናውም ስልኩም በተበላሸ ቁጥር የውጭ ሰው መጥራት እንደማያዋጣ ገብቷቸዋል። ዕቃ ይገዛል፣ ዕውቀት ግን በልጆች ውስጥ መተከል አለበት።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ታመሙ፣ አካላቸው ሽባ ሆነ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1886 ዓ.ም. የፈቀዱት የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ነበር። አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። ሦስት ዓመት ቀደሙት። ባቡሩ ሲገባ ለማየት ከሁሉም ይበልጥ የሚጓጉት ሰው አልነበሩም። ይህን ሳነብ ከልቤ አዘንኩ።

የወንበሩ ወሬ ለምን ይህን ያህል እንዳስጨነቀኝ አሁን ገብቶኛል። ያን ቀን የሳቅነው በምኒልክ ብቻ አልነበረም። መኪና አይገባቸውም በሚባሉ ሰዎች፣ ማለትም በራሳችን ላይ ነው የሳቅነው። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። እኚህ ሰው ያልገባቸውን ነገር እስኪገባቸው ይፈቱት ነበር።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። የሚኒ ሚዲያችን ሞንታርቦ ዝም ካለ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። እኔ አልፈታሁትም፣ እምላለሁ! ጠጋኙ ሲመጣ ግን መምህራን ፈቃዳችሁ ከሆነ የክበቡ አባላት አጠገቡ ቆመን እንድናይ ይፈቀድልን። ካቻቢቴ አንነካም። ዝም ብለን አይተን እንጠይቃለን። የቀጣዩን ‹‹ይህን ያውቃሉ?›› በተጠገነው ሞንታርቦ አቀርባለሁ፤ ከየት እንዳገኘሁትም ሳልጠየቅ እናገራለሁ።

ከ8ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል (‹‹አፍራሹ››)