ከነርቭ ጭንቀት ጀርባ የተሰወረ ዕጢ፦ የጆርጅ ገርሽዊን የመጨረሻ ወራት

አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆርጅ ገርሽዊን ከሩሲያ ከፈለሱ አይሁዳውያን ወላጆች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1898 በኒውዮርክ ብሩክሊን ተወለደ። በ1924 ያቀረበው «ራፕሶዲ ኢን ብሉ» ጃዝን ከኦርኬስትራ ሙዚቃ ጋር በማዋሐዱ ዝናን አተረፈለት፤ በ1935 ደግሞ «ፖርጊ ኤንድ ቤስ» የተሰኘውን ኦፔራ ለመድረክ አበቃ። በቀጣዩ ዓመት ለፊልሞች ሙዚቃ ለመድረስ ከወንድሙ ከአይራ ጋር ወደ ሆሊውድ ተጓዘ።

በፌብሩዋሪ 1937 በሎስ አንጀለስ መድረክ ላይ ፒያኖ ሲጫወት ለቅጽበት ራሱን ሳተ፤ በዙሪያው ያልነበረ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታም ሸተተው። በወራት ውስጥ ብርቱ ራስ ምታትና ማዞር ተከተሉ፤ ጠባዩም ተለወጠ። የቅርብ ሰዎቹ እንደመሰከሩት ቸኮላት በሰውነቱ ላይ ቀብቷል፤ ከሚሄድ መኪና ላይም ሾፌሩን ገፍቶ ለመጣል ሞክሯል። ብዙዎች ይህን የሥራ ድካምና የመንፈስ ጭንቀት ውጤት አድርገው ቆጠሩት፤ ሥነ ልቡናዊ ሕክምናም ይደረግለት ጀመር። በጁን መጨረሻ ሆስፒታል ተኝቶ ሲመረመር ከአከርካሪው ፈሳሽ እንዲቀዳለት ፈቃደኛ ስላልሆነ ምርመራው ሳይሟላ ሂስቴሪያ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ወጣ።

ጁላይ 9 ቀን ወድቆ ራሱን ሳተ። በዓይኑ ጀርባ የታየው እብጠት በራስ ቅሉ ውስጥ ግፊት መጨመሩን አመለከተ። በቀዶ ሕክምና በቀኝ የጎን አንጎሉ ላይ ዕጢ ተገኘ፤ ግሊዮብላስቶማ የተባለ የአንጎል ካንሰር እንደሆነም ተወሰነ። ጁላይ 11 ቀን በ38 ዓመቱ አረፈ።

ዕጢው ያረፈበት የአንጎል ክፍል ከማሽተት፣ ከትዝታና ከስሜት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ሕመሙ ከሽባነት አስቀድሞ በሌለ ሽታና በጠባይ ለውጥ ተገለጠ። በዘመኑ የነበረው ሕክምና፣ ዕጢው ቀደም ብሎ ቢታወቅ እንኳ፣ ሕይወቱን ለማትረፍ ይበቃ ነበር ማለት ያስቸግራል። ይሁንና ሕመሙ ስሙን ቢያገኝ ኖሮ የመጨረሻ ሳምንታቱ እንደ ጠባይ ብልሽት ባልተቆጠሩበት ነበር።

በአዳማም ሆነ በአካባቢው ከተሞች ለሚሠሩ የሕክምና ባለሙያዎች የገርሽዊን ታሪክ አንድ ማሳሰቢያ ይሰጣል። ቀድሞ የአእምሮ ሕመም ያልነበረበት ሰው ጠባዩ በድንገት ሲለወጥ፣ በተለይም ራስ ምታት፣ ራስን መሳት ወይም የሌለ ነገር መሽተት ሲታከልበት፣ አንጎሉ ሳይመረመር የአእምሮ ሕመም ነው ተብሎ ሊደመደም አይገባም።