የካርል ቤንዝ የሕይወት ታሪክ

ወደ ኢትዮጵያ ከሚገባው ሸቀጥ የሚበዛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ያልፋል። ሸቀጡ ከወደቡ ወደ ደጋው ሀገር የሚጓዘው በሁለት ዐይነት መጓጓዣ ነው። አንደኛው በጅቡቲ ከተማ ዳርቻ ከሚገኘው ከናጋድ ጣቢያ ተነሥቶ እስከ ሰበታ ድረስ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ የሚሄደው ባቡር ሲሆን፣ ሁለተኛው የጭነት መኪና ነው። ባቡር ብዙ ሸክም በአንድ ጊዜ ይጎትታል፤ ነገር ግን ሐዲዱ ካለቀበት ስፍራ አንዲት ስንዝር አያልፍም። መኪና በአንጻሩ መንገድ እስካገኘ ድረስ ወደየመንደሩ ይዘልቃል። ይህ ልዩነት ዛሬ ማንንም አያስደንቅም። ከመቶ ኀምሳ ዓመት በፊት ግን ያለሐዲድና ያለፈረስ፣ በገዛ ሞተሩ የሚሄድ ቀላል ሠረገላ ሠርቶ ለገበያ ማቅረብ የሚቻል ነገር አይመስልም ነበር። የማይቻል የመሰለውን ከፍጻሜ ካደረሱት ሰዎች በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሰው ጀርመናዊው መሐንዲስ ካርል ቤንዝ ነው። የሚያስገርመውም እርሱ ራሱ የባቡር ነጂ ልጅ መሆኑ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ከተባሉት በስተቀር ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካርል ቤንዝ ዛሬ የካርልስሩኸ ከተማ ክፍል በሆነችው በሙልቡርግ ኅዳር 25 ቀን 1844 ተወለደ። የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ አባቱ በሳንባ ምች ሞተ። እናቱ ጆዜፊን ልጇን በችግር ብታሳድገውም፣ ከትምህርት ቤት እንዲቀርባት ግን አልፈቀደችም። ካርልም ድካሟን ከንቱ አላስቀረውም። በ15 ዓመቱ በካርልስሩኸ ወደሚገኘው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ በጊዜው ስመ ጥር ከነበረው ከመሐንዲሱ ከፈርዲናንድ ሬድተንባኸር እግር ሥር ስለ መኪናዎች አሠራር ተማረ። በ1864 ትምህርቱን ሲፈጽም ዕድሜው ገና 19 ዓመት ነበር።

ከዚያ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት በካርልስሩኸ፣ በማንሃይምና በፎርዝሃይም በየፋብሪካው እየተዘዋወረ ሠራ። በነዚያ ዓመታት ከሐሳቡ ያልተለየ አንድ ምኞት ነበረው፤ ይኸውም እንደ ባቡር በገዛ ኀይሉ የሚሄድ፣ ሆኖም ሐዲድ የማያስፈልገው ሠረገላ መሥራት ነበር። በ1871 አውጉስት ሪተር ከሚባል ሰው ጋር ሸሪክ ሆኖ በማንሃይም የብረት ማቅለጫና የመካኒክ ሥራ ቤት ከፈተ። ሸሪኩ ግን የማይታመን ሆኖ ተገኘ፤ ሥራ ቤቱም ገና ሳይቋቋም ሊዘጋ ተቃረበ።

በዚህ ጊዜ የካርልን ዕጣ የለወጠችው እጮኛው በርታ ሪንገር ነበረች። በርታ በፎርዝሃይም የሚኖር የአንድ ባለጸጋ የሕንፃ ሠሪ ልጅ ነበረች። ከሠርጉ በፊት ጥሎሿን ከአባቷ ተቀብላ ለእጮኛዋ ሰጠችው፤ ካርልም በገንዘቡ የሪተርን ድርሻ ገዝቶ ሥራ ቤቱን ለብቻው ያዘ። በ1872 ተጋቡ። ከዚህም የተነሣ በኋላ ዓለም የቤንዝ ፋብሪካ ብሎ ያወቀው ድርጅት መሠረቱ የቆመው በአንዲት ወጣት ጥሎሽ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ችግሩ በዚህ አላበቃም። ሥራ ቤቱ ዕዳ በዕዳ ላይ ይከመርበት ነበር። ካርል ከዕዳው ለመውጣት ያሰበው ሰው ሁሉ የሚፈልገውን በጋዝ የሚሠራ ሞተር በመሥራት ነው። በአራት ምት የሚሠራውን ሞተር ኒኮላውስ ኦቶ አስቀድሞ በፈጠራ መብት ስላስመዘገበው፣ ካርል በሁለት ምት ወደሚሠራው ዐይነት አዘነበለ። ከብዙ ከንቱ ሙከራ በኋላ በ1879 የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ባልና ሚስቱ ሌሊት ወደ ሥራ ቤቱ ወርደው ሲሞክሩት ሞተሩ ተነሥቶ ያለማቋረጥ ሠራ።

ሞተሩ ዝናን ሲያተርፍ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ቀረቡት። በ1882 አክሲዮን ማኅበር ተቋቋመ፤ ነገር ግን ካርል በገዛ ሥራው ላይ ሥልጣን ያልነበረው አነስተኛ ባለድርሻ ሆኖ ስላገኘው በማግሥቱ ዓመት ትቶት ወጣ። በ1883 ማክስ ሮዘና ፍሪድሪኽ ኤስሊንገር ከተባሉ የብስክሌት ነጋዴዎች ጋር ቤንዝና ሸሪኮቹ የሚባለውን ድርጅት መሠረተ። ድርጅቱ ለፋብሪካ የሚሆኑ የቆሙ ሞተሮችን እየሸጠ ሲያተርፍ፣ ካርል የልጅነት ምኞቱን የሚፈጽምበት ጊዜና ገንዘብ አገኘ።

ጥር 29 ቀን 1886 ካርል ቤንዝ በጋዝ ሞተር የሚሄደውን ሠረገላውን አስመዝግቦ በቁጥር 37435 የጀርመን የፈጠራ መብት ተቀበለ። ሠረገላው ሦስት ጎማ ብቻ ነበረው፤ ይህም የሆነው ሁለት የፊት ጎማዎችን በአንድነት የማዞሩ ዘዴ ገና ስላልተሳካለት ነው። አካሉ ከብረት ቱቦ የተሠራ ሲሆን ጎማዎቹ እንደ ብስክሌት ጎማ በቀጭን ሽቦ የተወጠሩ ነበሩ። ሞተሩ አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው ሆኖ ጉልበቱ የአንድ ፈረስ እንኳ አይሞላም ነበር። ፍጥነቱም በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቤንዝ ካደረገው ሁሉ የሚደነቀው ግን በፈረስ ጋሪ ላይ ሞተር አለመጫኑ ነው። እርሱ አካሉን፣ ሞተሩንና የኤሌክትሪክ ማቀጣጠያውን እርስ በርሳቸው እንዲስማሙ አድርጎ ከመጀመሪያው እንደ አንድ ነገር ዐሰባቸው።

ሰው ግን ሠረገላውን አልገዛም። አንዳንዱ እንደ መጫወቻ ይቈጥረው፣ አንዳንዱም በጩኸቱና በሽታው ይሸሸው ነበር። ካርል ደግሞ ጥንቁቅና ሰው ፊት መቆም የሚከብደው ሰው በመሆኑ፣ ሥራውን ለማሻሻል እንጂ ለማስተዋወቅ አልታደለም። ስለዚህ ትልቁ አደጋ የሠረገላው መበላሸት ሳይሆን ተረስቶ መቅረቱ ነበር።

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንዲሉ፣ በዚህ ጊዜም የደረሰችለት በርታ ናት። በነሐሴ ወር 1888 አንድ ቀን በማለዳ ለባሏ ሳትነግር ኦይገንና ሪኻርድ የተባሉትን ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ፣ በሠረገላው ከማንሃይም ወደ ወላጆቿ ከተማ ወደ ፎርዝሃይም ጉዞ ጀመረች። መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ያህል ርቀት በአውቶሞቢል የተጓዘ ሰው አልነበረም። በጉዞዋ ላይ ነዳጅ ሲያልቅባት ቪስሎኽ በምትባል ከተማ ከአንድ መድኃኒት ቤት ለእድፍ ማስለቀቂያ የሚሸጠውን ሊግሮይን የተባለ ፈሳሽ ገዝታ ሞላች። የነዳጁ ቱቦ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው። የኤሌክትሪክ ሽቦው ሲላጥ በካልሲዋ ማሰሪያ ጠመጠመችው። የፍሬኑ እንጨት ሲያልቅም ጫማ ሰፊ ፈልጋ ቆዳ አስመታችበት። አቀበት ሲያስቸግራቸው ልጆቹ ወርደው ይገፉ ነበር። በመጨረሻም ፎርዝሃይም በደኅና ገብተው ለካርል ቴሌግራም ላኩለት።

ይህ ጉዞ ሁለት ጥቅም አስገኘ። በመጀመሪያ ሠረገላው ሩቅ መንገድ ሊሄድ እንደሚችል ለሕዝብ ታየ። ሁለተኛም ጉድለቱ ታወቀ፤ ካርል በርታ የነገረችውን ሰምቶ ለአቀበት የሚሆን ተጨማሪ ማርሽ አበጀለት። የበርታ ጉዞ በዛሬ አነጋገር በፋብሪካ አዲስ መኪና የሚፈተንበት ሥራ መጀመሪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ወዲህ የቤንዝ ሥራ እያደገ ሄደ። በ1893 ቪክቶሪያ የተባለው ባለአራት ጎማ መኪና ወጣ። በ1894 ደግሞ ቬሎ የሚባለው አነስተኛና ርካሽ መኪና ተከተለው፤ ከርሱም 1,200 ያህል ተሠሩ። በ1899 ድርጅቱ 572 መኪናዎችን በማምረት በዓለም ትልቁ የአውቶሞቢል ፋብሪካ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ይገባል። ብዙ ሰዎች ቤንዚን የተባለው ነዳጅ በካርል ቤንዝ ስም የተሰየመ ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ቃሉን የጀርመን ኬሚስቶች ቤንዝ ከመወለዱ አስቀድሞ በ1833 ያውቁት ነበር፤ ሥሩም የሚመዘዘው እኛ ሉባንጃ ከምንለው መዓዛማ ሙጫ የዐረብኛ ስም ነው።

ቤንዝ በማንሃይም ሲደክም ጎትሊብ ዳይምለርና ባልደረባው ቪልሄልም ማይባኽ በሽቱትጋርት አጠገብ በካንሽታት በተመሳሳይ ሥራ ላይ ነበሩ። ዳይምለር በ1900 ከሞተ በኋላ የርሱ ድርጅት ኤሚል የሊኔክ በሚባል ነጋዴ ልጅ ስም መርሴዴስ የተባለ ፈጣን መኪና አወጣ። ገበያውም ወደዚያ አዘነበለ። የቤንዝ ሸሪኮች ተፎካካሪያቸውን ለመቅደም ከፈረንሳይ መሐንዲሶችን አስመጡ። ካርል ግን ከፍጥነት ይልቅ ጽናትንና ደኅንነትን የሚመርጥ ሰው ስለነበር አልተስማማም። በ1903 የገዛ ስሙን ከተሸከመው ፋብሪካ የሥራ አመራር ወጣ፤ በ1906ም በላደንቡርግ ከልጆቹ ጋር ሌላ አነስተኛ ድርጅት አቋቋመ። ድህነት ካስተማረችው ከካርልስሩኸ ትምህርት ቤት በ1914 የክብር ዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን በችግር ላይ ስትወድቅ ሁለቱ ተፎካካሪዎች ለየብቻ መቆም ተሳናቸው። ሰኔ 28 ቀን 1926 ተዋሕደው ዳይምለር ቤንዝ የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ። የመኪናዎቹም ስም መርሴዴስ ቤንዝ ሆነ። በምልክቱም ላይ የዳይምለር ባለሦስት ጫፍ ኮከብና የቤንዝ የድል አክሊል ተጣመሩ። ካርል ቤንዝ ይህን በዐይኑ አይቶ ሚያዝያ 4 ቀን 1929 በ84 ዓመቱ በላደንቡርግ ዐረፈ። በርታ ከርሱ በኋላ ብዙ ዘመን ቆይታ በግንቦት ወር 1944፣ 95 ዓመት በሞላት በሁለተኛው ቀን ሞተች።

አውቶሞቢል ወደ ሀገራችን የገባው ካርል ቤንዝ በሕይወት ሳለ ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ አደረሰ። በዚያው ዘመን አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ በሳክሶኒ ካለው ከናከ ፋብሪካ የወጣች መኪና ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማ አመጣ። የባቡሩ ሐዲድ ያን ጊዜ ከድሬ ዳዋ አላለፈም ነበር፤ መንገድ ባልተሠራለት አገር ሐዲድ የማያሻው ሠረገላ ምን እንደሚያደርግ ያን ጊዜ ታየ። የቤንዝም ስም በኋላ መጥቶ፣ በእኛ አፍ መርቼዲስ ተብሎ የክብርና የማዕርግ ምልክት ሆነ።

ሆኖም የኩባንያው ታሪክ በሙሉ የሚያስመሰግን አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ዳይምለር ቤንዝ ለናዚ መንግሥት የጦር መሣሪያ ያመርት ነበር። በ1944 ከ63,000 በላይ ከነበሩት ሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉ ከየአገሩ በግዳጅ የመጡ ሰዎች፣ የጦር ምርኮኞችና የማጎሪያ ሰፈር እስረኞች ነበሩ። ኩባንያው ይህን በደል በይፋ ተቀብሎ በ1988 ለተጎጂዎች 20 ሚሊዮን ማርክ ሰጠ። ገንዘቡ የጠፋውን ሕይወት ባይመልስም፣ እውነቱን መደበቅ ዝናን እንደማያድን ያመለክታል።

በ1886 ካርል ቤንዝ የተቀበለው የፈጠራ መብት ሰነድ በ2011 በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። በሰነዱ ላይ የተጻፈው ቤንዝና ሸሪኮቹ የሚለው የድርጅቱ ስም ነው። ታሪኩን የመረመረ ሰው ግን ከዚያ ስም ኋላ ልጇን ያስተማረችውን ድኻ እናትና ጥሎሿንና ድፍረቷን የሰጠችውን ሚስት ይመለከታል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የካርል ቤንዝም ታሪክ የሚያስተምረው ስምን የሚሠራው የአንድ ሰው ጥበብ ብቻ አለመሆኑን፣ የተሠራውንም ስም ተከታዮቹ ሊያከብሩት ወይም ሊያጎድፉት እንደሚችሉ ነው።