ላሊበላና መስቀል ክብራ፦ የጋብቻቸው ጊዜ

እኛ የፃግብጂ ወጣቶች ትዳር መቼ እንያዝ፣ ልጅስ መቼ እንውለድ እያልን ስንጨነቅ ከጎረቤታችን ከላስታ ታሪክ የምንማረው አለ።

ቅዱስ ላሊበላ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠ የዛጉዌ ንጉሥ ነው። ገድሉ እንደሚተርከው፣ ወንድሙ ንጉሡ ስለ ጠረጠረው መከራ ደርሶበት በረሃ ገባ፤ በጾምና በጸሎትም ተወሰነ። በዚያም ሳለ መስቀል ክብራን እንዲያገባ በመልአክ ተነገረው፤ ታዘዘም። ያገባት ገና ዙፋን ሳይኖረው ነው። ልጃቸው ይትባረክ ይባላል። እርሱ ካረፈ በኋላ ቤተ አባ ሊባኖስን ለመታሰቢያው ያሳነጸችው እርስዋ እንደ ሆነች በትውፊት ይነገራል።

እንግዲህ ላሊበላ ሹመትና ሀብት እስኪሞላለት አልጠበቀም። ከእኛ መካከል ግን አንዳንዱ ጥሪት ሳልይዝ እያለ ዕድሜውን ያሳልፋል። አንዳንዷ እኅታችን ደግሞ አጥንቷ ሳይጠና ትዳራለች፤ በወሊድም ትጎዳለች። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንዱም ለሴቷም 18 ዓመት ያደረገው በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ ድግሱ ከመደገሱ በፊት ዕድሜያችን መድረሱን፣ የሁለታችንም ፈቃድ መሆኑን፣ የሚወለደውንም ለማሳደግ መቻላችንን እንመርምር። ይህ ከተሟላ የጎደለው ንብረት አብሮ በመሥራት ይገኛል።