በትንሽ አይሮፕላን ከስቶክሆልም እስከ አዲስ አበባ
የካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሕይወት ታሪክ

በ1939 ዓ.ም. በግንቦት ወር መግቢያ ከስዊድን ዋና ከተማ ከስቶክሆልም የተነሣች አንዲት ትንሽ አይሮፕላን በመካከል አንድ ጊዜ እንኳ ሳታርፍ አዲስ አበባ ገባች። የተጓዘችው መንገድ 6,219 ኪሎ ሜትር፣ በአየር ላይ የቆየችበትም ጊዜ 30 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ነበረ። አይሮፕላኒቱ ሳብ የተባለው የስዊድን ፋብሪካ የሠራት ሳፊር የምትባል ስትሆን፣ ያላት ሞተር አንድ፣ የምትይዘውም ሰው ሦስት ብቻ ነው። የሞተሯ ጉልበት 145 የፈረስ ኃይል ነበረ። ይህን የሚያህል ኃይል ዛሬ በየመንገዱ የምናያቸው ብዙ የቤት አውቶሞቢሎች አላቸው። ያበረሯትም ሰው በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አየር ኃይል አሠልጣኝና አዛዥ የነበሩት ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ናቸው።

ስለ እኒህ ሰው ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ድፍረታቸው ነው። ደፋር መሆናቸውን የሚክድ የለም። ነገር ግን ድፍረት ቤንዚን አይሆንም፤ በድፍረት ብቻ ባሕርና በረሓ የተሻገረ ትንሽ አይሮፕላንም የለም። የዚህ ጉዞ ዋና ሥራ ያለቀው ሞተሩ ሳይነሣ፣ በወረቀትና በእርሳስ ነው። ይህን ለማስረዳት አስቀድመን የሰውየውን አስተዳደግ እንመልከት።

ካርል ጉስታፍ የተወለዱት ነሐሴ 13 ቀን 1901 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ አገር ልጆች ጅራፍ የሚያጮሁበት የቡሄ ዕለት መሆኑ ነው። አባታቸው ካውንት ኤሪክ ፎን ሮዘን ባለጸጋ መስፍንና አገር አሳሽ ነበሩ። አፍሪካንም ዞረው አይተዋል። በየካቲት ወር 1912 ዓ.ም. አባትየው በበረዶ ማዕበል ወደ ቤታቸው ለመድረስ ቸኩለው አንድ ጀርመናዊ አብራሪ ተከራዩ። አብራሪውም በዚያ ጨለማና ነፋስ አይሮፕላኑን በቤተ መንግሥታቸው አጠገብ ከሚገኘው በረዶ ከሆነ ሐይቅ ላይ አሳረፈው። ይህ አብራሪ ሄርማን ጎሪንግ ይባል ነበር። በዚያው ምሽት የካርል ጉስታፍን እናት እኅት፣ ካሪንን፣ ተዋወቀ፤ ኋላም አገባት። እንግዲህ ያን ጊዜ የዐሥር ዓመት ልጅ የነበሩት ካርል ጉስታፍ የአክስታቸው ባል ሆኖ ያገኙት ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ የናዚ ጀርመን አየር ኃይል የበላይ አዛዥ የሆነውን ነው። አንድ ቤት የወጡ ሁለት አብራሪዎች የሄዱበት መንገድ ምን ያህል እንደ ተለያየ ከዚህ በታች ይታያል።

ልጁ በትምህርት ቤት ጎበዝ ከሚባሉት አልነበሩም። እጃቸው የሚፈታው ዘይትና ብሎን ሲያገኝ ነበረ። ስለዚህ አስቀድመው መካኒክነትን፣ ቀጥለውም ማብረርን ተማሩ። የአብራሪነት ፈቃዳቸውን ያገኙት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም.፣ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ የመጀመሪያውን አይሮፕላን ከጅቡቲ አንሥቶ አዲስ አበባ አምጥቷል። ወጣቱ ካውንት ጥቂት ጊዜ በትርኢት በረራ፣ ይኸውም በሕዝብ ፊት በአየር ላይ በመገለባበጥ፣ እንጀራቸውን ይበሉ ነበር።

በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ የስዊድን ቀይ መስቀል የሐኪሞች ጓድ ላከ። የ26 ዓመቱ ፎን ሮዘንም ሄንክል የምትባል ባለ ድርብ ክንፍ አሮጌ አይሮፕላን ለአምቡላንስነት አዘጋጅተው መጡ። የስዊድን ሐኪሞች ጓድ በታኅሣሥ ወር በገናሌ ወንዝ አጠገብ በመልካ ዲዳ በቦምብ ተመታ። ፎን ሮዘን ግን በሰሜን ጦር ግንባር መድኃኒት እያደረሱ፣ ቍስለኛ እያነሡ፣ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል መልክተኛ የነበሩትን ስዊዘርላንዳዊውን ዶክተር ማርሴል ዡኖንም እያመላለሱ ሠሩ። በመርዝ ጢስ የተቃጠሉትን ሰዎች በዓይናቸው አዩ። በመጋቢት ወር 1928 ዓ.ም. አይሮፕላናቸው ቀይ መስቀል ተሥሎባት ሳለች በቆረም ሜዳ ላይ በኢጣሊያ አይሮፕላኖች ተደብድባ ጠፋች።

ከዚህ በኋላ ኬ ኤል ኤም በተባለው የሆላንድ አየር መንገድ አብራሪ ሆኑ። ይህ ሥራ ከቀድሞው ሁሉ ይልቅ የጠቀማቸው ይመስለናል። መንገደኛ የሚያመላልስ አብራሪ ሰዓትን፣ ነፋስንና የቤንዚንን ልክ መጻፍ ልማዱ ነውና። በ1932 ዓ.ም. ፊንላንድ በሶቪየት ኅብረት ስትወረር ሥራቸውን ትተው፣ የመንገደኛ አይሮፕላን ቦምብ ጣይ አድርገው፣ ለፊንላንድ ተዋጉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዝ አየር ኃይል ጋር ሊሰለፉ ጠይቀው ነበር፤ ነገር ግን የጎሪንግ ዘመድ ናቸው ተብለው ሳይቀበሏቸው ቀሩ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ኢትዮጵያ አየር ኃይሏን እንደ አዲስ ለማቋቋም ከስዊድን አሠልጣኞች በጠየቀች ጊዜ በአሠልጣኞቹ ራስ ሆነው የመጡት እርሳቸው ናቸው። ትምህርት ቤቱና ሰፈሩ በቢሾፍቱ ሆነ። ለጀማሪ ተማሪዎች መለማመጃ የተመረጠችውም ይህችው ሳፊር ናት። በ1939 ዓ.ም. የተደረገው በረራ እንግዲህ እንዲያው የስፖርት ውድድር ብቻ አልነበረም። ተማሪዎቹ የሚሳፈሩባት ትንሽ አይሮፕላን ምን ማድረግ እንደምትችል የሚያሳይ ፈተና ነበረ።

አሁን ወደ ስሌቱ እንመለስ፤ ተማሪ የሆነ አንባቢም እርሳስ ቢይዝ አይከፋም። እንዲህ ያለ ሞተር በቍጠባ ቢነዳ በሰዓት ወደ 25 ሊትር ቤንዚን ይፈጃል ብለን እንገምት። ለ31 ሰዓት 775 ሊትር ይሆናል። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል ይህ ሁሉ ሲመዘን ወደ 560 ኪሎ ግራም ይደርሳል። የሳፊር ባዶ ክብደት ደግሞ ወደ 580 ኪሎ ግራም ነው። እንግዲህ አይሮፕላኒቱ ራሷን የምታህል ሸክም ተሸክማ መነሣት ነበረባት ማለት ነው። አንዲት አህያ ሌላ አህያ ተሸክማ ሽቅብ ስትወጣ ማሰብ ነው! ስለዚህ ለዚህ ጉዞ የሚዘጋጅ ሰው በየኪሎው ይከራከራል፤ የማያስፈልገውን ዕቃ ሁሉ አውጥቶ በቦታው የቤንዚን በርሜል ያስገባል።

ሁለተኛው ነገር ከፍታ ነው። ስቶክሆልም በባሕር ዳር ያለች ከተማ ስትሆን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ሩቡን ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ ክንፍም የሚደገፍበት አየር ያንሰዋል። ከባድ ሸክም ይዞ በደጋ ላይ መነሣት አይቻልም። ከስቶክሆልም ሲነሡ ግን ወፍራሙና ቀዝቃዛው አየር ሸክሙን ያነሣል፤ የኢትዮጵያ ተራሮች እስኪደረሱ ድረስም ቤንዚኑ ተቃጥሎ አይሮፕላኒቱ ትቀላለች። ጉዞው ከዚያ ወደዚህ ባይሆንና ከአዲስ አበባ ወደ ስቶክሆልም ቢሆን ኖሮ፣ ያችው ሳፊር ያንኑ ሸክም ይዛ ከመሬት አትላቀቅም ነበር። ድሬዳዋ እንኳ 1,200 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ ብትገኝ ሙቀቷ አየሩን ያሳሳዋልና፣ በቀትር ከዚያ የሚነሣ ትንሽ አይሮፕላን ከጧቱ ይልቅ ረጅም ሜዳ ይፈልጋል።

ሦስተኛው ነፋስ ነው። የጉዞው አማካይ ፍጥነት በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የፊት ነፋስ መንገዱን ሁሉ ቢቃወም ጉዞው ከሦስት ሰዓት በላይ ይረዝማል፤ ሰማንያና ዘጠና ሊትር ተጨማሪ ቤንዚን ይጠይቃል። ወቅቱም መመረጥ አለበት። በግንቦት መግቢያ የሰሜን አውሮፓ ክረምት አልፏል፤ የእኛ ክረምት ግን ገና አልገባም። ይህን ያህል የረዘመ ጉዞ አንድ ሙሉ ሌሊት ማካተቱ ስለማይቀር፣ ሌሊቱ በሜዳና በባሕር ላይ አልፎ ተራራው በቀን ብርሃን እንዲደረስ የመነሻው ሰዓት ወደ ኋላ ተቈጥሮ ይወሰናል። ግንቦት አንድ ቀን ልደታ ናት፤ የአዲስ አበባ አይሮፕላን ማረፊያም በዚያን ዘመን የነበረው በልደታ ሰፈር ነው። አጋጣሚውን ላነሣነው ያህል ነው እንጂ አብራሪው በዓል ቈጥረው እንደ ተነሡ አይቈጠርብን።

አራተኛውና ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ድንበር ነው። በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ፣ በ2014 ዓ.ም. ነጻ የንግድ ቀጣና ተብሎ በተከፈተው ስፍራ፣ ዕቃ ወደ ጅቡቲ የሚያሳልፍ ወጣት ሹም አንድ ድንበር ብቻ ለመሻገር ስንት ወረቀትና ስንት ማኅተም እንደሚያስፈልግ ያውቃል። ከስዊድን እስከ ኢትዮጵያ ያለው ድንበር ግን አንድ አይደለም። ጦርነቱ ካለቀ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር፤ አውሮፓም በአሸናፊዎቹ መንግሥታት መካከል ተከፋፍላ ነበር። በሰው አገር ሰማይ ለማለፍ ፈቃድ ይጠየቃል። በየማረፊያው መውረድ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ዘበኛ አለ፣ ጕምሩክ አለ፣ የቤንዚን ወረፋ አለ፤ ሹሙ ለምሳ ከወጣም ጥበቃ አለ። በአየር ላይ 31 ሰዓት የሚፈጀው መንገድ በምድር ላይ በሚባክን ጊዜ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ሳያርፉ መብረር ሞተሩን የሚያስጨንቀውን ያህል ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያሳርፋል።

ካውንት ፎን ሮዘን በኢትዮጵያ አየር ኃይል እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ ሠርተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ስማቸው በዓለም የተሰማው በናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ለተራበው የቢያፍራ ሕዝብ ከዛፍ ጫፍ ጥቂት ከፍ ብለው እየበረሩ እህል አደረሱ። በ1961 ዓ.ም. ግን በአምስት ትንንሽ የመለማመጃ አይሮፕላኖች ላይ ሮኬት አሳስረው የናይጄሪያን የጦር አይሮፕላኖች በማረፊያቸው አጠቁ። በዚህ ሥራቸው ያመሰገናቸውም የወቀሳቸውም ብዙ ነው። ቀይ መስቀል ይዞ የመጣ ሰው ሮኬት ማንሣቱ ዛሬም ቢሆን የሚያከራክር ነገር ነው፤ እኛም የቆረሙን ቃጠሎ ሳናስታውስ ልንፈርድ አንወድም።

ረኃብ በወሎና በሌሎችም አውራጃዎች ከጸና በኋላ ካውንቱ እንደ ገና ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ከ60 ዓመት አልፏል። መንገድ ወደሌላቸው ደጋማ ቀበሌዎች ትልቅ አይሮፕላን ሊያርፍ አይችልም፤ የጭነት መኪናም አይደርስም። እርሳቸው ግን ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ አይሮፕላን በእህል ከረጢት ጭነው፣ ወደ ምድር እጅግ ዝቅ ብለው፣ ከረጢቱን ከነዋሪዎቹ አጠገብ ይጥሉ ነበር። ስሌቱ የ1939ኙ ነው፤ ከረጢቱ በቤንዚኑ ቦታ ገባ እንጂ። ስንት ኪሎ ይጫናል? ለመመለሻ ስንት ሊትር ይቀራል? በምን ያህል ዝቅታ ቢጣል ከረጢቱ አይፈነዳም? ይህ ሁሉ በየጧቱ ይታሰብ ነበር።

በ1969 ዓ.ም. የሶማልያ ጦር ኦጋዴንን በወረረ ጊዜ ካውንት ፎን ሮዘን በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ዳር በምትገኘው በጎዴ ከተማ ለዕርዳታ ሥራ ተገኝተው ነበር። ሐምሌ 6 ቀን በከተማዪቱ ላይ በተጣለው አደጋ በ67 ዓመታቸው ተገደሉ። የሞቱት በአየር ላይ ሳይሆን በምድር ነው።

ከአንድ ወር በኋላ፣ በነሐሴ፣ ወራሪው ጦር እስከ ድሬዳዋ ደጃፍ ደረሰ። ከተማዪቱ ግን አልተያዘችም። ከድሬዳዋ ማረፊያ እየተነሡ ሰማዩን ከያዙት ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ብዙዎቹ ማብረርን የጀመሩት በቢሾፍቱ፣ በሳፊር ነበረ።