ደብረ ታቦር፣ መቅደላና የአያክስ ሰይፍ

አፄ ቴዎድሮስን በመድረክ ወይም በልብ ወለድ ያላገኘ የእኔ ዕድሜ ሰው ብዙ አይደለም። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በቴአትር፣ ብርሃኑ ዘሪሁንና አቤ ጉበኛ በልብ ወለድ ጽፈዋቸዋል። እኛም አልቅሰንላቸዋል። የምናለቅሰው ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ሽጉጡ ሲተኮስ።

የጥንት ግሪኮች በትራጄዲያቸው ነገሩን የያዙት በሌላ መንገድ ነበር። ግድያ በተመልካች ፊት የሚፈጸመው ከስንት አንዴ ነው። ከበሩ ኋላ ጩኸት ይሰማል፤ መልእክተኛ ወጥቶ የሆነውን ይናገራል፤ ከዚያ በሩ ይከፈትና ሬሳው መንኮራኩር ባለው መድረክ ተገፍቶ ይወጣል። ሕዝቡ ደም ሲፈስ አያይም፤ የፈሰሰውን ግን ሳያይ ወደ ቤቱ አይሄድም። እኛ የቴዎድሮስን ታሪክ ስንተርክ የራሳቸውን ሞት አደባባይ አውጥተን የሌላውን ሬሳ ከበሩ ኋላ አስቀርተናል። እስቲ በሩን ከፍተን ሕይወታቸውን እንከተል።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ተወለደ። የእናቱን የወይዘሮ አትጠገብን ድህነት ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ መስደቢያ አደረጉት። በልጅነቱ ይማርበት የነበረው ገዳም በጦረኞች ተወርሮ ሕፃናት ሲታረዱ እሱ እንዳመለጠ ይነገራል። ሲሸፍት ደግሞ የዘረፈውን ገንዘብ ለቋራ ገበሬ ማረሻ መግዣ አከፋፈለ ይባላል። ይህቺን ማረሻ አንባቢ ያስታውስልኝ።

የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን አገባ፤ አማቱንም ሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ድል መታ። የካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን አሸንፎ በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ከዚህ በኋላ አንቱ ልበላቸው።

ራስ ጉግሣ የቆረቆሯትን ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አደረጉ። ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን መድፍ ሠሪ አደረጓቸው። የዘመኑን ዘረፋ አስቀርተው ወታደሩን በደመወዝ ሊያሳድሩ፣ የባሪያ ንግድን ሊያስቆሙ ሞከሩ። ዓላማው ትልቅ ነበር፤ ይህን የምክድ ሰው አይደለሁም።

ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሞቱ። በ1852 የገዛ ዘመዳቸው ጋረድ የእንግሊዙን ቆንሲል ፕላውደንን ገደለ። እሱን ሊወጉ ሲዘምቱም ወዳጃቸው ሊቀ መኳስ ዮሐንስ፣ እንግሊዛዊው ጆን ቤል፣ እሳቸውን ሲያድን ወደቀ። ለሁለቱ ደም በመቶ የሚቆጠሩ የጋረድ ተከታዮች ተገደሉ። በ1853 ትግራይ ውስጥ የተማረከው አገው ንጉሤ እጅና እግሩ ተቆርጦ ሞተ። በ1857 ምኒልክ ከመቅደላ ቢያመልጡ የሸሹትን ተቀብላ ያሳለፈችው የወሎዋ ወርቂት ናት ተብሎ በመያዣነት የተቀመጠው ልጇ ከሌሎች ምርኮኞች ጋር ተገድሎ ገደል ተጣለ። ሕግ ለተማረ ሰው እዚህ ላይ የሚታየው ግልጽ ነው። ልጁ አልሸፈተም፤ አልተከሰሰምም። ፍትሐ ነገሥት ባለበት አገር ቅጣት ከጥፋተኛው ወደ ዘመዱ ተሻገረ።

የበጌምድር ደጋ የከፈለው ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ደመወዙ ሲጠፋ ሠራዊቱ ወደ ጎተራ ተመለሰ። ኅዳር 1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘርፋ ነደደች። በሚቀጥለው ዓመት ደብረ ታቦር ዙሪያ ያለው ገበሬ እህሉ ተወሰደ፣ ከብቱ ተነዳ፤ በእስር ላይ የነበሩት አውሮፓውያን እንደመሰከሩት ሰው ከነቤቱ የተቃጠለበት ጊዜ ነበር። ማረሻ ይገዛለት የነበረው ገበሬ ይኸው ነው። በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ንጉሡ ደብረ ታቦርን ራሷን አቃጥለው ወጡ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እየጎተቱ፣ መንገድ እየጠረቡ፣ በጋይንትና በጨጨሆ አድርገው ወደ መቅደላ ግማሽ ዓመት ያህል ተጓዙ።

ሶፎክልስ አያክስ ስለሚባል ጀግና ጽፏል። አያክስ የሚገባውን ክብር ተነፈግሁ ብሎ አለቆቹን ሊፈጅ ይነሣል። አምላኪቱ አቴና አእምሮውን ስትጋርድበት ጠላት የመሰሉትን ከብቶችና እረኞች ሲያርድ ያድራል። ሲነጋ ልቡ ይመለሳል። አገሯን ያጠፋባት ምርኮኛ ሚስቱ ድንኳኑን ከፍታ በሬሳ መካከል ተቀምጦ ታሳየናለች። ከዚያ ጠላቱ ሔክቶር በስጦታ በሰጠው ሰይፍ ላይ ይወድቃል።

ናፒየር ሠራዊቱን ይዞ ሲቃረብ፣ ሚያዝያ 2 ቀን፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን እስረኞች ተገድለው ገደል ተወረወሩ። በማግሥቱ፣ በስቅለት፣ እሮጌ ላይ ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቀ። አውሮፓውያኑ እስረኞች ግን በሰላም ተለቀቁ። በፋሲካ ማግሥት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ አፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ያ ሽጉጥ ለፕላውደን ስላደረጉት ደግነት ንግሥት ቪክቶሪያ በምስጋና የላከችላቸው ነበር። ሚስታቸው እቴጌ ጥሩወርቅም ንጉሡ ድል መትተው ያሰሩት የውቤ ልጅ ነበረች።

ሶፎክልስ ይህን ሁሉ ቢያገኝ ከሽጉጡ በፊት የሐሙሱን ገደል የሚያስተርክ ይመስለኛል። አያክስን የምናዝንለት ከብቶቹንና እረኞቹን ካየን በኋላ ነው፤ ሐዘናችንም በዚህ አይቀንስም። ቴዎድሮስንም ከነገደሉ ልንወዳቸው የማንችልበት ምክንያት አይታየኝም። ገደሉን ሸፍነን የምንወድ ከሆነ ግን የምንወደው ሌላ ሰው ነው። ደብረ ታቦር ላይ የሚያድግ ልጅ ጋፋት መድፍ እንደተሠራበት ይማራል፤ ከተማውን ማን እንዳቃጠለውም አብሮ ቢሰማ መልካም ነው።

እንግሊዞች መቅደላን ዘርፈው አቃጥለው ተመለሱ። ጥሩወርቅ በመንገድ ሞተች። የሰባት ዓመቱ ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ አረፈ፤ ዊንዘር ተቀበረ። ከንጉሡ ራስ የተቆረጠው ጠጉር በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከለንደን አገሩ ገብቷል። የልጁ አፅም ግን እስካሁን እዚያው ነው።