እጅ መታጠብን ወደ ማዋለጃ ክፍል ያስገባው ሐኪም፦ የኢግናዝ ሰመልቫይስ ሕይወት እና ለቤተሰብዎ የሚሰጠው ትምህርት

ሐኪም ወይም ነርስ ሊመረምርዎት ወደ አልጋዎ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዩት ምንድን ነው? አብዛኞቻችን ፊቱን፣ ነጭ ጋዋኑን እና አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ማዳመጫ እናያለን። ይህን ጽሑፍ አንብበው ሲጨርሱ ግን እጁንም እንዲያዩ እፈልጋለሁ። ምክንያቱን ለመረዳት ከ170 ዓመታት በፊት በቪየና ከተማ ይሠራ የነበረን አንድ ወጣት ሐኪም ሕይወት ማወቅ ይጠቅማል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነቱ እና ትምህርቱ

ኢግናዝ ሰመልቫይስ በጁላይ 1 ቀን 1818 ሀንጋሪ ውስጥ ቡዳ በተባለች ከተማ ተወለደ። ቡዳ ዛሬ የቡዳፔስት አንድ ክፍል ናት። አባቱ የሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴ ነበር። ሰመልቫይስ በ1837 ሕግ ሊማር ወደ ቪየና ቢሄድም ብዙም ሳይቆይ ወደ ሕክምና ትምህርት ተዛወረ። በ1844 በሐኪምነት ተመርቆ የማዋለድ ሕክምናን ሙያው አደረገ። በ1846 ደግሞ በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል በአንደኛው የማዋለጃ ክፍል የፕሮፌሰር ዮሃን ክላይን ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ያን ጊዜ ዕድሜው 28 ነበር።

ሁለት ክፍሎች፣ ሁለት ዕጣዎች

ሆስፒታሉ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት። በአንደኛው የሚሠለጥኑት የሕክምና ተማሪዎች ሲሆኑ በሁለተኛው ደግሞ አዋላጆች ነበሩ። እናቶች የሚገቡበትን ክፍል የሚወስነው የመጡበት ቀን ነበር፤ ሁለቱ ክፍሎች ቀን እየተቀያየሩ ይቀበሉ ነበርና። ስለዚህ ወደ ሁለቱ ክፍሎች የሚገቡት እናቶች በኑሮም ሆነ በጤና እምብዛም አይለያዩም ነበር።

የሞቱ ቁጥር ግን እጅግ ይለያይ ነበር። በ1846 በአንደኛው ክፍል ከወለዱት 4,010 እናቶች 459 ሞቱ። ይህ ከ100 እናቶች ከ11 በላይ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በአዋላጆቹ ክፍል ከወለዱት 3,754 እናቶች የሞቱት 105 ሲሆኑ፣ ይህም ከ100 ወደ 3 የሚጠጋ ነው። ለአብዛኞቹ ሞት ምክንያት የሆነው በዚያ ዘመን የአራስ ትኩሳት ይባል የነበረው በሽታ ነው። እናትየው ከወለደች ከጥቂት ቀናት በኋላ ትኩሳት ይይዛታል፣ ያንቀጠቅጣታል፣ ሆዷን ያማታል፣ ከዚያም ትሞታለች። ዛሬ ይህ በሽታ ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የማህፀን ኢንፌክሽን እና ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን ወደ መላ ሰውነት ሲዛመት የሚከተል ለሕይወት አደገኛ ሁኔታ) እንደሆነ እናውቃለን።

የከተማዋ እናቶችም ልዩነቱን ያውቁት ነበር። አንደኛው ክፍል የደረሳቸው ሴቶች እያለቀሱ ወደ ሌላው እንዲወሰዱ ይለምኑ ነበር። መንገድ ላይ ወልደው የመጡት እናቶች እንኳ በአንደኛው ክፍል ውስጥ ከወለዱት ይልቅ ይተርፉ ነበር። ሰመልቫይስ ይህን እያየ እንቅልፍ አጣ። ሐኪሞች ባሉበት ክፍል የሚሞቱት እናቶች ለምን በዙ?

ምክንያቱን ፍለጋ

በዘመኑ ስለ በሽታው የሚሰጡት ማብራሪያዎች ብዙ ነበሩ። አንዳንዱ የተበከለ አየር ነው ይል ነበር፤ ሌላው ደግሞ መጨናነቅ ነው ወይም ፍርሃት ነው ይል ነበር። ሰመልቫይስ እነዚህን አንድ በአንድ ፈተሻቸው። አየሩ ለሁለቱም ክፍሎች አንድ ነው። ጭንቅንቁ ደግሞ በሁለተኛው ክፍል ይብሳል፤ ከአንደኛው የሚሸሹት ሁሉ ወደዚያ ይሄዳሉና። በሁለተኛው ክፍል እናቶች በጎናቸው ተኝተው ስለሚወልዱ በአንደኛውም እንደዚያው እንዲደረግ አዘዘ፤ ለውጥ አልመጣም። ለሚሞቱት ሊጸልይ የሚመጣው ቄስ ደወል እያስደወለ በአንደኛው ክፍል መካከል ሲያልፍ እናቶችን ያስፈራ ይሆናል ተብሎ ነበርና፣ ያለ ደወል በሌላ መንገድ እንዲገባ አደረገ። አሁንም ለውጥ አልነበረም።

መልሱ የመጣው ከአንድ ወዳጁ ሞት ነው። በማርች 1847 ያኮብ ኮሌችካ የተባለ ሐኪም አስከሬን በሚመረመርበት ጊዜ ተማሪው በያዘው ቢላዋ ጣቱ ላይ ተወጋ። ከቀናት በኋላ ታሞ ሞተ። ሰመልቫይስ ወዳጁ የሞተበትን ሁኔታ የሚገልጸውን ሪፖርት ሲያነብ ደነገጠ፤ የተገለጸው በሽታ እናቶቹን ከሚገድለው ጋር አንድ ነበር።

ነገሩ በዚህ ተፈታ። ሐኪሞቹ እና ተማሪዎቹ ጠዋት ጠዋት አስከሬን ይመረምሩ ነበር። ከዚያ እጃቸውን በሳሙና ብቻ ለቅለቅ አድርገው ወደ ማዋለጃ ክፍል በመሄድ እናቶችን ይመረምራሉ። የአስከሬኑ ሽታ እንኳ ከእጃቸው አይለቅም ነበር። አዋላጆቹ ግን አስከሬን አይነኩም። በሽታውን ወደ እናቶቹ የሚያደርሰው የሐኪሞቹ እጅ ነበር።

እዚህ ላይ የሰመልቫይስን ድፍረት ልብ ይበሉ። ከሌሎቹ ሐኪሞች ይበልጥ አስከሬን ይመረምር የነበረው እሱ ራሱ ነበር፤ የእናቶቹን ሞት ምክንያት ለማወቅ ሲል። ስለዚህ በገዛ እጁ ለሞት ያበቃቸው እናቶች ብዙ እንደሆኑ መቀበል ነበረበት። ተቀበለ፣ በኋላም ይህን ሳይሸሽግ ጻፈ።

በበሩ አጠገብ የተቀመጠው ሳህን

በሜይ 1847 አንድ ቀላል ሥርዓት ተጀመረ። ማንም ሰው እናቶችን ከመንካቱ በፊት እጁን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠብ ተደረገ። ክሎሪንን የመረጠው የአስከሬኑን ሽታ ከእጅ ስለሚያጠፋ ነው። ጀርም በሽታ እንደሚያመጣ ገና አልታወቀም ነበር።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። በኤፕሪል 1847 በአንደኛው ክፍል ከ100 እናቶች 18ቱ ሞተው ነበር። በጁን ይህ ቁጥር ወደ 2 ወረደ፤ በጁላይ ደግሞ ወደ 1 ገደማ። በ1848 ዓመቱን በሙሉ ከወለዱት 3,556 እናቶች የሞቱት 45 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት አንድም እናት ያልሞተችባቸው ሁለት ወራት ነበሩ።

በመካከሉ ግን አንድ መራራ ትምህርት ነበር። በኦክቶበር 1847 የማህፀን ካንሰር ያለባት ሴት በክፍሉ የመጀመሪያ አልጋ ላይ ተኝታ ነበር። ሐኪሞቹ ሲገቡ እንደ ደንቡ ታጥበዋል፤ ነገር ግን እሷን ከመረመሩ በኋላ ወደ ቀጣዮቹ እናቶች ሲያልፉ እንደገና በክሎሪን አልታጠቡም። ከእሷ ቀጥለው ከተመረመሩት 12 እናቶች 11ዱ ሞቱ። ሰመልቫይስ ከዚህ በኋላ መታጠቡ በር ላይ አንዴ ብቻ ሳይሆን በአንዱ ታካሚ እና በሌላው መካከል እንዲሆን አደረገ። ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚሠራበት ደንብ ይህ ነው።

ለምን አልተቀበሉትም?

ቁጥሩ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ሁሉም ሐኪም ወዲያው መታጠብ የሚጀምር ይመስላል። አልሆነም። ብዙ የተከበሩ ፕሮፌሰሮች የገዛ እጃቸው ገዳይ ሊሆን ይችላል የሚለውን ሐሳብ መስማት አልፈለጉም። አሳቡም በዘመኑ ከነበረው ትምህርት ጋር አይገጥምም ነበር።

ሰመልቫይስም ድክመት ነበረው። ግኝቱን በራሱ እጅ በጊዜ አልጻፈም፤ ዋናው መጽሐፉ የወጣው በ1861 ነው። በኋላም ያልተቀበሉትን ፕሮፌሰሮች ነፍሰ ገዳዮች እያለ በይፋ ደብዳቤ ወቀሳቸው። ንዴቱ የሚያስረዳ ምክንያት ነበረው፤ ነገር ግን ብዙዎችን አራቀበት።

በቪየና የነበረው ሥራ በ1849 ሳይታደስ ቀረ። በ1850 ወደ ሀገሩ ተመልሶ ፔስት ከተማ በሚገኘው በቅዱስ ሮክ ሆስፒታል ያለ ደመወዝ የማዋለጃ ክፍሉን ይመራ ጀመር። እዚያም በእሱ ሥርዓት በስድስት ዓመታት ውስጥ ከወለዱት 933 እናቶች በአራስ ትኩሳት የሞቱት 8 ብቻ ነበሩ። በ1855 በፔስት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ፣ በ1857 አገባ፣ ልጆችም ወለደ።

በ1865 ባሕርይው ተለወጠ፤ አእምሮው እንደታወከ የታመነ ነበር። በጁላይ መጨረሻ ቪየና ወደሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ተወሰደ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ በኦገስት 13 ቀን 1865 በ47 ዓመቱ ሞተ። ለሞት ያበቃው ከቁስል የተነሣ ወደ ደሙ የገባ ኢንፌክሽን ነው፤ እናቶችን ከእሱ ለማዳን ዕድሜውን የሰጠለት ዓይነት በሽታ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን ከጀርም መከላከል የሚቻልበትን የቀዶ ሕክምና ዘዴ አሳተመ። በ1879 ደግሞ ሉዊ ፓስተር በአራስ ትኩሳት የታመሙ እናቶች ላይ የሚገኘውን ባክቴሪያ አሳየ። ሰመልቫይስ ትክክል ነበር። ቡዳፔስት ውስጥ ያለው የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ማወቅ እና ማድረግ

ይህን ታሪክ እኔም በሕክምና ትምህርት ቤት ተምሬው፣ ለፈተናም አጥንቼው ነበር። ቢሆንም በሥልጠና ዘመኔ አንድ ሌሊት የወለዱ እናቶች በሚያርፉበት ክፍል የአንዷን ቁስል አይቼ ጓንቴን ጣልኩ፤ ሌላ ጓንት አጠለቅሁና ሳልታጠብ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄድኩ። የቧንቧው ውኃ ተቋርጦ ነበር፤ ሥራውም በዝቶብኝ ነበር። አልጋው አጠገብ የተቀመጡት የወላዷ እናት ልጄ ብለው ጠሩኝና፣ ምንም ሳይቆጡ በፕላስቲክ ጠርሙስ የያዙትን ውኃ አንስተው እንግዳ እንደሚያስታጥቡ ሁሉ እጄ ላይ አፈሰሱልኝ። አፈርኩ። ነገር ግን እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ለሰመልቫይስም ለእኔም ትምህርቱ አንድ ነው። ማስረጃ ብቻውን እጅ አያጥብም። እጅ የሚታጠበው ውኃው እና ሳሙናው እጅ በሚደርስበት ቦታ ሲቀመጥ፣ ልማድ ሲሆን እና የሚያስታውስ ሰው ሲኖር ነው። ያ የሚያስታውስ ሰው እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ።

እርስዎ እና ቤተሰብዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

በጤና ተቋም፦

• ባለሙያው ከመንካትዎ በፊት እጁን መታጠቡን ወይም በአልኮል ማሸቱን ካላዩ በትሕትና ይጠይቁ። ይህ ስድብ አይደለም፤ መብትዎ ነው።
• ጓንት መታጠብን አይተካም። ጓንት ከመጠለቁ በፊትም ከወለቀ በኋላም እጅ መጽዳት አለበት።
• አስታማሚ ከሆኑ ሲገቡም ሲወጡም ይታጠቡ። ከአንዱ ታካሚ አልጋ ወደ ሌላው እየነኩ አይሂዱ።

በቤት፦

• በውኃ እና በሳሙና ሲታጠቡ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይውሰዱ። የጣቶች መካከል፣ አውራ ጣት እና ጥፍር ሥር አይረሱ። የአልኮል ማጽጃ ከሆነ እስኪደርቅ ድረስ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይሹት።
• እጅዎ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ካለ ወይም ከመጸዳጃ ቤት ከወጡ በአልኮል ፋንታ ውኃ እና ሳሙና ይጠቀሙ።
• ሰመልቫይስ ክሎሪን ተጠቀመ ብለው እጅዎን በበረኪና አይታጠቡ። ቆዳን ይጎዳል፤ ሳሙና ይበቃል።
• ምግብ ከማዘጋጀት እና ከመብላት በፊት፣ ጡት ከማጥባት በፊት፣ የሕፃኑን ዳይፐር ከቀየሩ በኋላ፣ ቁስል ከመንካት በፊትና በኋላ ይታጠቡ።
• አራስ ሊጠይቅ የሚመጣ እንግዳ ሕፃኑን ከማቀፉ በፊት ይታጠብ። ውኃ እና ሳሙና በሩ አጠገብ ያስቀምጡ። ለምግብ እንግዳ ማስታጠብ ባህላችን ነውና ለሕፃኑ ሲባል ማስታጠብ ማንንም አያስቀይምም። ጉንፋን የያዘው ሰው ሕፃኑን ባይስም ይመረጣል።

አደገኛ ምልክቶች

ከወለደች 6 ሳምንት ባልሞላት እናት ላይ ከሚከተሉት አንዱን ካዩ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷት፦

• 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም መንቀጥቀጥ
• መጥፎ ሽታ ያለው የማህፀን ፈሳሽ
• እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም
• መግል የያዘ፣ የቀላ ወይም ያበጠ የስፌት ቁስል
• ብዙ ደም መፍሰስ
• ፈጣን ትንፋሽ፣ ግራ መጋባት ወይም ራስን መሳት

ብርድ መትቷት ነው ብለው እቤት አያቆዩዋት፤ ከፋርማሲም በራስዎ መድኃኒት ገዝተው አይስጧት። በጊዜ ከደረሰች ይህ በሽታ በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይድናል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ የሰዓታት መዘግየት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

በሚቀጥለው ጊዜ ሐኪም ሊመረምርዎት ሲመጣ እንግዲህ እጁን ይዩ። ካልታጠበ ያስታውሱት። ጥሩ ሐኪም አይቀየምዎትም፤ ያመሰግንዎታል።