ፕሮፌሰር ኮራና እና የፕሮቲን ፊደል

ከትክል ድንጋይ ወደ ሳንጃ በሚወርደው መንገድ ግራና ቀኝ በየዓመቱ የሚበቅለው ማሽላ ለተመልካች አንድ ዓይነት አዝመራ ይመስላል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ፣ እሸቱ ወተት ከቋጠረበት ቀን አንሥቶ እስኪጠነክር ድረስ፣ ዓይን የማያየው ሥራ ሲካሄድ ይሰነብታል። በሕዋሱ ውስጥ የተቀመጠው የዘር መመሪያ ወደ አር.ኤን.ኤ. ይገለበጣል፤ አር.ኤን.ኤው ይነበባል፤ በተነበበውም መሠረት አሚኖ አሲዶች አንድ በአንድ ተቀጣጥለው ፕሮቲን ይሆናሉ። የማሽላው ፍሬ፣ የእርሾው ሕዋስና የሰው አካል ይህን መመሪያ የሚያነቡት በአንድ ዓይነት ፊደል ነው። ፊደሉን ለሰው ልጅ አእምሮ ግልጽ ካደረጉት ጥቂት ሊቃውንት አንዱ ፕሮፌሰር ሃር ጎቢንድ ኮራና ነበሩ።

ኮራና የተወለዱት በ1922 (ዘመኑ እዚህም ከዚህ በኋላም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በፑንጃብ ራይፑር በምትባል፣ መቶ ያህል ነዋሪዎች በነበሯት ትንሽ መንደር ነው። አባታቸው በእንግሊዞች አስተዳደር ሥር የመንደር ግብር ጸሓፊ ነበሩ። ቤተ ሰቡ ድኻ ነበር፤ ሆኖም በመንደሪቱ ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ ቤተ ሰብ እርሱ ብቻ ነበር ለማለት ይቻላል። አባትየውም በድኽነታቸው ሳይበገሩ ልጆቻቸውን ለማስተማር ቆርጠው ተነሡ። ከአምስቱ ልጆች የመጨረሻው የሆኑት ኮራና የመጀመሪያዎቹን አራት የትምህርት ዓመታት ያሳለፉት በዛፍ ጥላ ሥር ነው። በዋርካና በደብር ቅጽር ጥላ ሥር ፊደል ሲቈጠር ላየ የጎንደር ሰው ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም።

በሙልታን ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ፈጽመው ላሆር ወደነበረው የፑንጃብ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1943 የመጀመሪያ፣ በ1945 የሁለተኛ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በዚያው ዓመት የሕንድ መንግሥት በሰጣቸው የትምህርት ዕድል ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው በ1948 ከሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ። ቀጥሎም ዙሪክ በሚገኘው በቭላዲሚር ፕሬሎግ ቤተ ሙከራ፣ ከቁጠባቸው እየኖሩ፣ አንድ ዓመት ያህል ሠሩ።

በ1949 ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሕንድና ፓኪስታን በ1947 ሲለያዩ የተወለዱባት መንደር በፓኪስታን ወሰን ውስጥ ቀርታ፣ ቤተ ሰባቸውም ተፈናቅሎ ዴልሂ ገብቶ ነበር። የመንግሥት ገንዘብ ወጥቶላቸው የተማሩት ወጣት ኬሚስት ሥራ ቢፈልጉ አላገኙም። ዕውቀት አልጐደላቸውም፤ የመሥራት ፍላጎትም አላነሳቸውም፤ የጠፋው ዕውቀታቸው የሚሠራበት ስፍራ ነበር። ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ዕድል ባገኙ ጊዜ እንደገና ባሕር ተሻገሩ። በኬሚስቱ በአሌክሳንደር ቶድ ዘንድ በሠሩባቸው ዓመታትም ሐሳባቸው በኑክሊክ አሲዶችና በፕሮቲኖች ላይ ዐረፈ።

በ1952 ስዊዘርላንዳዊቱን አስቴር ሲብለርን አግብተው ወደ ካናዳ፣ ወደ ቫንኩቨር ከተማ ሄዱ። በዚያ የጠበቃቸው ቤተ ሙከራ በመሣሪያ የበለጸገ አልነበረም፤ ነገር ግን የፈለጉትን የመመራመር ሙሉ ነጻነት ተሰጣቸው። በ1959 ለሕዋስ ሥራ እጅግ አስፈላጊ የሆነውን ኮኤንዛይም ኤ በኬሚስትሪ መንገድ ሠርተው በማሳየታቸው ስማቸው በዓለም ተሰማ። በ1960 ወደ አሜሪካ፣ ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ።

በዚያን ዘመን የሥነ ሕይወት ሊቃውንትን ያስጨንቅ የነበረው ጥያቄ ይህ ነው። በአር.ኤን.ኤ. ውስጥ ያሉት ፊደሎች ኤ፣ ዩ፣ ጂ እና ሲ የሚባሉ አራት ብቻ ሲሆኑ፣ ፕሮቲን የሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች ግን 20 ናቸው። አራቱ ፊደሎች ሃያውን የሚጠሩት እንዴት ነው? በ1961 ማርሻል ኒረንበርግና ሃይንሪክ ማቴይ ከዩ ብቻ የተሠራ አር.ኤን.ኤ. ፊናይልአላኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ ብቻ የያዘ ፕሮቲን እንደሚያሠራ አሳዩ። በሩ ተከፈተ፤ ዳሩ ግን ሌሎቹን ቃላት ለመለየት የፊደሎቹ ቅደም ተከተል በርግጥ የታወቀ አር.ኤን.ኤ. ያስፈልግ ነበር። ይህን ለመሥራት የሚችል እጅ ደግሞ የኮራና ነበር።

ኮራና ከባልደረቦቻቸው ጋር አጫጭር የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጮችን ፊደል በፊደል በኬሚስትሪ ይሠራሉ፤ ከዚያም በኤንዛይሞች አማካይነት አባዝተው ወደ ረጅም አር.ኤን.ኤ. ያስገለብጧቸዋል። ዩ እና ሲ እየተፈራረቁ የሚደጋገሙበት አር.ኤን.ኤ. በሦስት በሦስት ፊደል ሲነበብ ዩሲዩ እና ሲዩሲ የሚሉ ሁለት ቃላት ይፈራረቁበታል። የተገኘውም ፕሮቲን ሴሪንና ሉሲን እየተፈራረቁ የተቀጣጠሉበት ሰንሰለት ሆነ። ኤኤጂ የሚለው ቃል የሚደጋገምበት አር.ኤን.ኤ. ደግሞ ንባቡ ከየትኛው ፊደል እንደሚጀመር አስቀድሞ ስላልተወሰነ ኤኤጂ፣ ኤጂኤ ወይም ጂኤኤ ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ከእርሱም ሦስት ልዩ ልዩ ሰንሰለቶች ተገኙ፤ አንዱ ላይሲን ብቻ፣ አንዱ አርጂኒን ብቻ፣ አንዱ ግሉታሚክ አሲድ ብቻ። ቃሉ ባለ ሦስት ፊደል ስለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እንደ ዩኤኤ ያለ ቃል በየመካከሉ የሚገባባቸው አር.ኤን.ኤዎች ግን ረጅም ሰንሰለት ሳይሰጡ ቀሩ፤ ይህም የንባብ ማቆሚያ ምልክት መኖሩን አስረዳ። በ1966 የ64ቱ ቃላት ትርጉም ታውቆ ሥራው ተጠናቀቀ፤ 61ዱ አሚኖ አሲድ ይጠራሉ፤ ሦስቱ ንባቡን ያቆማሉ።

የዚህ ዕውቀት ጥቅም ከማሽላው ማሳ የራቀ አይደለም። ኤኤጂ የሚጠራው ላይሲን ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ ከምግብ ብቻ የሚገኝ አሚኖ አሲድ ነው። ማሽላ ደግሞ በላይሲን ድኻ ነው፤ ካፊሪን የተባለው የፍሬው ዋና ፕሮቲን ላይሲን የለበትም ማለት ይቻላልና። በ1973 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲንግና አክስቴል ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡ የማሽላ ዘሮችን ሲመረምሩ፣ ከወሎ የተገኙ ሁለት ዘሮች በላይሲን ልቀው ታዩ። የወሎ ገበሬ ግን እንዲህ ያለውን ማሽላ አስቀድሞ ያውቀው ነበር፤ ከሌላው ጋር ቀላቅሎ እየዘራ እሸቱን ጠብሶ ይበላው፣ ወተት በጉንጬ የሚል ስምም አውጥቶለት ነበር። በእነዚህ ዘሮች የተለወጠው ፊደሉ አይደለም፤ የካፊሪን ድርሻ አንሶ ላይሲን ያለባቸው ፕሮቲኖች ድርሻ ከፍ በማለቱ ነው። ይህን ልዩነት ለይቶ ማስረዳት የተቻለው ፊደሉ ከታወቀ በኋላ ነው።

በ1968 ኮራና ከኒረንበርግና ከሮበርት ሆሊ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሽልማቱ ግን ሥራቸውን አላስቆመም። በ1970 አንድ ሙሉ ጂን በኬሚስትሪ መንገድ መሥራታቸው ተሰማ፤ በዚያው ዓመት ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሄዱ። በ1976 ደግሞ በሕያው ባክቴሪያ ውስጥ ገብቶ ተግባሩን በትክክል የሚያከናውን፣ በሰው እጅ የተሠራ ጂን አስመዘገቡ። ዛሬ ተመራማሪዎች የሚፈልጉትን ዲ.ኤን.ኤ. አሠርተው የሚጠቀሙት፣ በመልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. ላይ የተመሠረቱት የኮቪድ ክትባቶችም በ2020 በአጭር ጊዜ ሊዘጋጁ የቻሉት፣ ይህ ፊደል አስቀድሞ ተነቦ፣ መጻፍም ተችሎ ስለነበር ነው።

ኮራና በ1966 የአሜሪካ ዜግነት ወስደው ነበር። የሕንድ መንግሥት በ1969 ፓድማ ቪቡሻን የተባለውን ከፍተኛ ኒሻን ሰጣቸው። ክብሩ የሚገባቸው ነበር፤ ነገር ግን በ1949 ወጣቱ ኬሚስት የፈለጉት ኒሻን ሳይሆን አንድ የሥራ ጠረጴዛና ጥቂት የቤተ ሙከራ ዕቃ ነበር።

ፕሮፌሰር ኮራና እስከ እርጅናቸው በማስተማርና በመመራመር ቈይተው ኅዳር 9 ቀን 2011 በ89 ዓመታቸው በማሳቹሴትስ ዐረፉ። የሕይወታቸው ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምራል። የመጀመሪያው፣ ታላቅ ምርምር ከዛፍ ጥላ ሥር ከተጀመረ ትምህርት ሊነሣ እንደሚችል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዛፉ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ልጁን ያስተማረ አገር፣ ተምሮ ሲመለስ የሚቀመጥበትን ወንበር ካላዘጋጀለት፣ የዘራውን አዝመራ ሌላው እንዲያጭደው ይተዋል።